ምን ይላል ነው ያልኩሽ

አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚበዛ ነገር አለ፤ «ዘንድሮ ያነበብኳቸው መጻሕፍት» የሚል ዝርዝር። ጀርባቸው እንዲታይ ተደርገው የተደረደሩ መጻሕፍት፣ ከጎን የማኪያቶ ብርጭቆ፣ ከሥር ቁጥር። አንባቢ ሲበዛ ደስ ይለኛል፤ በቁጥሩ ግን አልደነቅም። ቁጥሩ የሚነግረኝ ሰውየው ስንቴ የመጨረሻው ገጽ ላይ እንደደረሰ ነው። መሐል ላይ ምን እንዳገኘ፣ ከደራሲው ጋር የት ላይ እንደተጣላ፣ የቱ ጋ ቆሞ ወደ ኋላ እንደተመለሰ አይነግረኝም።

እኔ አዳማ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ ጎማ፣ ዘይት። ሱቁን ያቋቋመው አባቴ ነው፤ ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። የወረቀት ትምህርቴ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነገር ካለ የተማርኩት ባንኮኒ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው። «ለምን በማታው ዲግሪሽን አትይዢም?» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ክፋት የላቸውም፤ ዲግሪ ደመወዝ ያስጨምራል። እኔ ግን ደመወዝ የሚጨምርልኝ አለቃ የለኝም። የምፈልገው ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው፤ በተለይ ይህ በካርቶን ታሽጎ ከሕንድና ከቻይና የሚመጣ ብረት መደርደሪያዬ ላይ እስኪቀመጥ ምን ምን እንደሚያልፍ፣ እንደ አገር ደግሞ በምን እንደምንከፍለው።

ሱቅ ውስጥ ማንበብ ሰው እንደሚያስበው ጸጥታ የሞላበት ነገር አይደለም። አዳማ ከሰዓት በኋላ ትጋላለች፤ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይገባል፤ ገጹን ስትገልጪ የጣትሽ አሻራ እዚያው ይቀራል። አንቀጽ ለመጨረስ ሁለት መስመር ሲቀርሽ አንዱ ባጃጁን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ያቆማል። «እህት፣ ካንዴላ አለ?» አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፤ ሁለቱም ተሳፋሪ አስቀምጠው ነው የመጡት። ልቦለድ ከሆነ ግድ የለም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ክርክር ያለው መጽሐፍ ግን አንዴ ክሩ ከተበጠሰ ተመልሶ መያዣው ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ልማድ አወጣሁ። ደንበኛ ሲመጣ፣ ከወንበሬ ከመነሳቴ በፊት፣ አሁን ያነበብኩት ምን እንዳለ በራሴ አማርኛ አንዲት ዓረፍተ ነገር የተበላሸ ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጫጭራለሁ። ሸጬ ስመለስ መጀመሪያ የማነበው የራሴን ዓረፍተ ነገር ነው። የምጽፈው ካጣሁ አንቀጹን ከላይ እጀምራለሁ። አንዳንድ ቀን በዚህ ዓይነት ከሦስት ገጽ አልፌ አላውቅም፤ የሚገርመው ግን እነዚያ ሦስት ገጾች ማታ እንጀራ ስጋግርም ጭንቅላቴ ውስጥ እንዳሉ ናቸው።

የመሪጌታን ነገር እዚህ ላይ ላምጣ። መሪጌታ የወንድማቸው ልጅ የሚነዳት አንዲት ባጃጅ አለቻቸው። መለዋወጫ የሚገዙት ግን ራሳቸው መጥተው ነው፤ ለምን እንደሆነ ባጃጅ ለሹፌር ሰጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። አንድ ቀን የፍሬን ሸራ ፈልገው ሲገቡ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ አገኙኝ።

«የት ደረሽ?» አሉኝ።

«ገጽ 60 ላይ ነኝ፣ መሪጌታ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ገጹን ማን ጠየቀሽ? ምን ይላል?»

«ስለ ንግድ ነው የሚያወራው።»

«ስለ ምን እንደሚያወራማ ሽፋኑም ይናገራል። ምን ይላል ነው ያልኩሽ።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ደግሞ ዝምታን የሚፈሩ ሰው አይደሉም፤ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና መልሴን ጠበቁ። እንደምንም እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ከጨረስኩ በኋላ «እንዲህ ካለ፣ ይሄስ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው አንድ ጥያቄ ጣሉና ሸራቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ መምጣታቸውን ሳስብ ነው የማነበው። ፈተና አለብሽ ከተባለ ተማሪ የተለየ አይደለም፤ ነጥብ አለመኖሩ ብቻ ነው።

መሪጌታ ጎጃም ወርደው ቅኔ የተቀኙ ሰው ናቸው። ስለ ንባብ ቤት፣ ማለትም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ ሲያወሩ የሚገርመኝ ነገር ፍጥነት የሚባል ጉዳይ ጨርሶ አለመነሳቱ ነው። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ይቆጥራል፤ ከፊደል አቡጊዳ፣ ከአቡጊዳ ሐዋርያ፣ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻ ዳዊት። አንዱን ጽሑፍ ደግሞ አንዴ አንብቦ አያልፈውም። መጀመሪያ በግዕዝ ንባብ እየጎተተ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ይመለስበታል። የቱ ቃል በአነባበቡ ተነሽ፣ የቱ ወዳቂ፣ የቱ ሰያፍ፣ የቱ ተጣይ እንደሆነ ጆሮው እስኪለየው ድረስ የኔታ አያሳልፉትም። 150ውን መዝሙር ዘልቆ ዳዊት ሲደግም ቤተሰብ ድግስ ይደግሳል። ድግሱ ግን የመጨረሻው አይደለም፤ ዳዊቱን ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ዕድሜውን ሙሉ ይደግመዋል። ከዚህ አልፎ መጻሕፍት ቤት የገባ ደግሞ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት እያለ ትርጓሜውን በቃል ይይዛል። እዚያ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ያነሳል፣ ይተረጉመዋል፣ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አያፈርሰውም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ይህን ሁሉ ስሰማ ግን አፌን ከፍቼ አልቀረሁም። ብዙ ልጅ ዳዊቱን ከዳር ዳር ሲያነበንብ ግዕዙ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር፤ ይህን መሪጌታም አይክዱም። አለንጋውም ነበር። እንደኔ ያለች ሴት ልጅ ደግሞ ቅኔ ቤት የመግባት ዕድሏ ምን ያህል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የምወስደው ሥርዓቱን እንዳለ አይደለም። የምወስደው ሁለት ነገር ነው፤ ወደ አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ መመለስ አያሳፍርም የሚለውን፣ እና ያነበበ ሰው ቁጭ ብሎ ለሌላ ሰው አፉን ከፍቶ መናገር አለበት የሚለውን።

የኔ ትውልድ ማንበብ የተማረው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ በኪራይ። ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ለቀን ሳንቲም ትከፍያለሽ፣ ማስያዣ ሌላ መጽሐፍ ወይም የትልቅ ሰው መታወቂያ ታስቀምጫለሽ። መጽሐፉ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ሂሳቡ ይጨምራል። ስለዚህ በሻማም ሆነ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ እንደምንም በአንድ ሌሊት ትጨርሺዋለሽ። ያ ሱቅ ባለውለታዬ ነው፤ እሱ ባይኖር ንባብ የሚባል ነገር ቤታችን አይገባም ነበር። ያስተማረኝ ንባብ ግን ሩጫ ነው። ማን ገደለ፣ ማን አገባ፣ በመጨረሻ ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም። ዛሬ ደግሞ ኪራዩ ቀርቶ ስልካችን በፒዲኤፍ ተሞልቷል፤ ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል ከተቀላቀልሽ የቤተ መጻሕፍት ያህል ይወርድልሻል። ደራሲው ከዚያ ሳንቲም አያገኝም፤ ይህ ራሱን የቻለ ነውር ነው። አውራጁም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ አያልፍም፤ የሚያስቸኩል ኪራይም የሚያዘገይ መምህርም የለውማ።

እናቴ መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እሷ የሰማችው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ በክፍል በክፍል ሲተርከው ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ እንዲህ፣ ጉዱ ካሣ ሲመልስ እንዲያ እያለች ድምፃቸውን ለይታ ታወራዋለች። አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪመጣ ቡና ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ይከራከርበት ነበር፤ ጉዱ ካሣ እብድ ነው ወይስ አዋቂ? እኔ ልቦለዱን በኪራይ ወስጄ በሩጫ ጨርሼዋለሁ፤ ከእናቴ ጋር ስለ እሱ ስናወራ ግን የምመልስላትን መልስ አጥቼ የማውቀው ብዙ ጊዜ ነው። ትረካው እየቆረጠ ስለሚሄድ መሐሉ ላይ የማሰቢያ ጊዜ ነበራት፤ የሚሟገቷት ጎረቤቶችም ነበሯት።

አሁን መሪጌታ ወዳገኙብኝ መጽሐፍ ልመለስ። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። እኔ ያለኝ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ጠርዙ በጥቁር ቀለም የተበላ። ገብረ ሕይወት ከአድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከምፅዋ በመርከብ ሄዶ ኦስትሪያ ያደገ፣ በኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ የሆነ ሰው ነው። በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እሱ በነበረበት ዘመን የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የዚያ ሐዲድ መንገድ በኛ ከተማ በኩል ነው። ስለዚህ ሰውየው ቀረጥ ሲያስከፍልበት የነበረው ዕቃ አዳማን አቋርጦ የሄደ ዕቃ ነው ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ይህ ለመጽሐፉ ትርጉም ምንም አይጨምርም፤ ለኔ ግን ያቀርበዋል።

ሐሳቡ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሲገባ እንዲህ ነበር፤ ሀብት የሚመጣው ከሥራ ነው፤ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ቀን የሚሠራውን የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ይሠራዋል፤ ሁለቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ቀን ሥራ ተቀብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ሳነበው «እውነት ነው» ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ንባብ ላይ ግን ከመደርደሪያው አንድ ኩሽኔታ አወረድኩ። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ዘይት በነካው ወረቀት የተጠቀለለች። ፈታሁና በጣቴ አሽከረከርኳት። ውስጧ ያሉት ትንንሽ ኳሶች አንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል ቢለያይ ኖሮ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ጸጥ ብላ ዞረች። ይህችን ኩሽኔታ ማሽን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያወጣት አስቡት። በሌላ በኩል ደግሞ ለእሷ የሚከፈለው ዶላር ከየት ይመጣል? ከቡና፣ ከሰሊጥ። ቀይ ቀዩን እየለየ የሚለቅም ሰው፣ አልጋ ላይ የሚያሰጣ፣ የሚያገላብጥ፣ እንክርዳዱን በእጁ የሚለቅም። ስንት ቀን?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መጽሐፉን ይዘጋና የተማረ ይመስለዋል። መጽሐፉ ልቡ ያለውን ነግሮታልና። ብቻውን የሚማር ሰው ትልቁ አደጋ የመምህር እጦት አይመስለኝም፤ «ተው እንጂ» የሚለው ሰው ማጣቱ ነው። ክፍል ውስጥ ቢያንስ ከኋላ ተቀምጦ እጁን የሚያወጣ አንድ ነገረኛ ልጅ አለ። ሱቅ ውስጥ የለም። መሪጌታም ኢኮኖሚ አላጠኑም። ስለዚህ ነገረኛውን ከሌላ መጽሐፍ ማምጣት አለብሽ፤ ገብረ ሕይወትን የሚቃወም ምን አለ?

ከእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ መማሪያ ተበደርኩ፤ ከእሱ ተነስቼ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ ጋ ደረስኩ። ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አራት ቁጥሮች አሉ። ፖርቱጋል የተወሰነ ወይን ጠጅ ለማምረት የ80 ሰው የዓመት ሥራ ይበቃታል፤ የተወሰነ ጨርቅ ለማምረት የ90። እንግሊዝ ለዚያው ወይን 120፣ ለዚያው ጨርቅ 100 ሰው ያስፈልጋታል። ፖርቱጋል በሁለቱም ትቀድማለች። ሆኖም ፖርቱጋል ወይን ብቻ፣ እንግሊዝ ጨርቅ ብቻ ሠርተው ቢለዋወጡ ሁለቱም ያተርፋሉ ይላል። ደረሰኙን ገለበጥኩና ቀነስኩ። እንግሊዝ በ120 ሰው የምትሠራውን ወይን በ100 ሰው ጨርቅ አገኘችው፤ 20 ተረፋት። ፖርቱጋል በ90 የምትሠራውን ጨርቅ በ80 ሰው ወይን አገኘችው፤ 10 ተረፋት። ሂሳቡ ልክ ነው። የማይካድ ነው። በቃ ገብረ ሕይወት ተሸነፈ አልኩ።

አንድ ደንበኛ መጥቶ ካንዴላ ጠየቀኝ፣ ሸጥኩ፣ ተመለስኩ። ደረሰኙን እንደገና ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። በዚያው ልውውጥ ላይ እንግሊዝ የ100 ሰው ሥራ ሰጥታ የተቀበለችው የ80 ሰው ሥራ ነው! በሁለቱም ወደ ኋላ የቀረው አገር ብዙ ድካም ይሰጣል፣ ትንሽ ድካም ይቀበላል። ገብረ ሕይወት የሚለው ይህንኑ ነው፤ በተቃዋሚው ቁጥሮች ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለቱም ያተርፋሉ የሚለውም፣ አንዱ ብዙ ቀን ይከፍላል የሚለውም፣ ከእነዚያው አራት ቁጥሮች የሚወጡ ናቸው። ጠባቸው ሂሳቡ ላይ አይደለም። ሪካርዶ የሚጠይቀው ዛሬ ማን አተረፈ ብሎ ነው። የገብረ ሕይወት ጭንቀት ግን ዕውቀቱና መሣሪያው ማን ቤት ይቀራል የሚለው ነው።

ታሪኩን ሳይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ሆነብኝ። እንግሊዝና ፖርቱጋል ከሪካርዶ አስቀድመው እ.ኤ.አ. በ1703 የወይንና የጨርቅ ውል ተዋውለው ነበር። የእንግሊዝ ጨርቅ ፖርቱጋል ይገባል፤ የፖርቱጋል ወይን ከፈረንሳይ ወይን ባነሰ ቀረጥ እንግሊዝ ይገባል። ከጨርቁ ጋር የሽመና ማሽኑ፣ ፋብሪካው፣ መካኒኩ አብሮ መጣ፤ እንግሊዝ ቤት። ከወይኑ ጋር የመጣው ሌላ ወይን ነው። በኋላ እንዳነበብኩት፣ ጥሬ ዕቃ እየላኩ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዙ አገሮች ዋጋው እያደር እንደሚከዳቸው የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጽፉ ዓለም ትልቅ ነገር ብሎ ተቀብሎታል። ገብረ ሕይወት ያን ጊዜ ከሞተ 30 ዓመት አልፎት ነበር። የጻፈው በአማርኛ ነው፤ ማን ያንብብለት?

ይህን ሁሉ ለመሪጌታ ነገርኳቸው፤ ደረሰኙንም አሳየኋቸው። ቁጥሩን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ተከተሉኝና «እንግዲህ አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ ነው» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁም። የትርጓሜ መምህር ሁለቱን ፍቺ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማደር ይችላል፤ ቀረጥ የሚጥል መንግሥት ግን አንዱን መርጦ መጣል አለበት፤ እኔም በዚያው ቀረጥ የገባውን ኩሽኔታ ዋጋ ለባለባጃጁ መንገር አለብኝ። «እሱ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ያንቺ ጉዳይ ሁለቱም ምን እንደሚሉ ማወቅ ነው» ብለው ተከራከሩኝ። አሁንም አልታረቅንም።

ይህን አንድ መጽሐፍ ይዤ የከረምኩበት ጊዜ ሌላ ሰው የተደረደሩ መጻሕፍቱን ፎቶ የሚያነሳበት ጊዜ ነው። ዝርዝር ቢጠይቁኝ የማቀርበው አጭር ነው፤ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ የተማሪ መማሪያ፣ ከሪካርዶ አንድ ምዕራፍ፣ ብዙ ደረሰኝ። ግን አሁን ሬዲዮ ላይ ስለ ምንዛሪ ሲወራ እንደ በፊቱ ጆሮዬ ላይ አያልፍም፤ ከተናጋሪው ጋር መጨቃጨቅ ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ ለሬዲዮ መልስ መስጠት ተይ ይለኛል።

በቅርቡ ደግሞ ነገረኛ ተገኘልኝ። ባጃጅ እየነዳ በማታው የሚማር ልጅ ነው። «የሚነበብ መጽሐፍ ዝርዝር ስጪኝ» ሲለኝ ዝርዝር የለኝም ብዬ የገብረ ሕይወትን ፎቶ ኮፒ ሰጠሁት። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ፤ ጨረስኩ ሊለኝ ነው ብዬ ነበር። «እህት፣ ባጃጁን እዚሁ አገር ውስጥ ብንገጣጥመውስ? ያ ዕውቀት ነው አይደለም?» አለኝ። ነው አልኩት። ከዚያ ደግሞ አይደለም አልኩት፤ ብሎን ማጥበቅና ኩሽኔታውን መሥራት አንድ አይደሉም። እሱ ደግሞ ሰው ብሎን ሳያጠብቅ ኩሽኔታ መሥራት ጋ አይደርስም አለ፤ ከመጽሐፉም ውስጥ ለሐሳቡ የሚደግፈውን ቦታ ገልጦ አሳየኝ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ያለፍኩትን ቦታ። ተሳፋሪው ከኋላ ሆኖ «ኧረ እንሂድ!» እያለ ይጮህበታል። መጽሐፉ አሁንም እሱ ጋ ነው። ስለ ቀረጥ የሚያወራውን ክፍል ከዚህ ጥያቄ ጋር ደግሜ ማየት ስላለብኝ እስከ ቅዳሜ መልስልኝ ብዬዋለሁ።